ቅጥር፣ ቋጥኝ፣ ዝሆን፦ ከሐረር እስከ ዳካታ የአንድ ቀን መንገድ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቀን ጉዞ ነው። ባለፈው ኅዳር ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ሆነን ማለዳ ከሐረር ጀጎል ተነሥተን በባቢሌ በኩል ወደ ዳካታ ወረድን፤ ከቀትር በኋላ ወደ ኤረር ሸለቆ ታጠፍን፤ ማታ ደግሞ ወደ ቅጥሩ ተመለስን። በኪሎ ሜትር ቢለካ ብዙ የማይባል መንገድ ነው። የታሪክ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው እንደ ሽርሽር ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ዛሬ ማታ ይህን አስተያየቴን ለምን እንደለወጥሁ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በየዓመቱ የታሪክ አጻጻፍ ስልት ትምህርት ስጀምር ተማሪዎቼን «የታሪክ ምንጭ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤ፣ የተጓዦች ማስታወሻ፣ አፈ ታሪክ፣ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ይሉኛል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አንድም ጊዜ «መንገድ» ያለኝ ተማሪ የለም። ጉዞውን ያዘጋጀሁት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። ይሁን እንጂ ይዤው የሄድሁት ጥያቄና ይዤው የተመለስሁት ጥያቄ አንድ አልሆኑም። ሁለተኛውን ጥያቄ የሰጠኝ አንድ ተማሪ ነው፤ እርሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

፩. በሩ

ጉዞውን የጀመርነው ከኤረር በር ነው። ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት ይህ በር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ ያያል። ከጀጎል አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በርና ሰንጋ በር ናቸው። ስድስተኛው በር ለመኪና ሲባል በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው።

ቅጥሩን ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆነ ትውፊቱ በአንድ ድምፅ ይናገራል። ኑር ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሞት በኋላ የተነሣ፣ የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን ያገባ፣ በ1551 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ በወደቁበት ጦርነት ድል ያደረገ መሪ ነው። ይህ ሁሉ ድል ግን ቅጥር ከመሥራት አላዳነውም። ከደቡብ የሚመጣው የኦሮሞ እንቅስቃሴ ነባሩን የኃይል ሚዛን እያናጋው ነበርና ድል አድራጊው አሚር ከተማውን ዙሪያውን በድንጋይ አጠረ። ቅጥሩ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በውስጡ የታቀፈው ከተማ 48 ሄክታር ነው፤ ተማሪዎቼ እንዳሉት ከአንድ ሰፊ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አይበልጥም።

በዚህች ጠባብ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት እንደሚገኙ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አስፍሯል። ቁጥሩን የጠቀስሁት ለማስደነቅ ሳይሆን ለአንድ ነጥብ ነው። ጀጎል ተጠብቆ የቆየው ጠባቂ ስለተቀጠረለት አይደለም። በውስጡ የሚጸልይ፣ የሚነግድ፣ የሚያገባ፣ የሚቀብር ሕዝብ ስላለበት ነው። ድንጋዩ ሲወድቅ የሚያነሣው በድንጋዩ ጥላ ሥር የሚኖረው ሰው ነው። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የአረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. መጨረሻ ሐረር ሲደርስ የገባው በዚህ በምሥራቁ በር በኩል ነው። በሩ ሲመሽ እንደሚዘጋና ቁልፉ ወደ አሚሩ እንደሚወሰድ፣ ከዚያም እስኪነጋ ድረስ ማንም መውጣት እንደማይችል ጽፏል። በርተን ከተማዋን ዝግና እንግዳ የማትወድ አድርጎ ስሏታል። እኛ ግን ያው ማስረጃ ሌላ ነገር እንደሚናገር ማየት እንችላለን። በየማታው የሚዘጋ በር በየማለዳው የሚከፈት በር ነው፤ አምስት በር ያላት ከተማ አምስት አቅጣጫ የሚነግድባት ከተማ ናት። ቁልፉ አሚሩ ዘንድ የሚያድረው የከተማዋ ሀብት ያለው በበሩ ውስጥ ሳይሆን በበሩ በሚያልፈው ነገር ላይ ስለነበረ ነው።

በበሩ የሚያልፈው ምን ነበር? ቡና፣ ጫት፣ ቆዳ፣ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስ። ጭነቱ በግመል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርዳል። ሲራራ ነጋዴው በሶማሌ ምድር ሲያልፍ ራሱን «አባን» ለሚባል የአገር ሰው አደራ ይሰጣል። አባኑ የእንግዳውን ሕይወትና ንብረት በክብሩ ይዋሳል፤ በአደራው ላይ የደረሰ ጥቃት በእርሱና በጎሳው ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ስለዚህ መንገዱን መንገድ ያደረገው ጥርጊያው ሳይሆን ቃሉ ነበር። ይህ ለዛሬው ርእሳችን መሠረት ነው፤ በዚህ ምድር አንድን ነገር ጠብቆ ማሳለፍ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ውል ነበር።

፪. ቁልቁለቱ

ከሐረር ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ወዲያው ይወርዳል። ከደጋው የቡናና የጫት ማሳ ወደ ግራርና ቁልቋል አገር ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ተማሪዎቼ ሹራባቸውን ያወለቁት ቢሲዲሞ ስንደርስ ነው።

ቢሲዲሞን ብዙ ሰው በመስኮት አይቶ ያልፋታል። ሆኖም በ1957 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቩርትስቡርግ ከተማ የተመሠረተውና በኋላ በብዙ አገሮች የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲረዳ የኖረው ማኅበር መነሻው ይህች መንደር ናት። አንድ የሐረርጌ መንደር የአውሮፓን ሰው አደራጀች ማለት ነው። የታሪክ መጻሕፍት ዘወትር የሚነግሩን እንቅስቃሴው ከዚያ ወደዚህ እንደነበረ ነው፤ ቢሲዲሞ ከዚህ ወደዚያም እንደነበረ ታስታውሰናለች።

ባቢሌ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስሙ የጎሳም የቦታም ነው። ኦሮሞውና ሶማሌው የሚገበያዩባት፣ በአንድ አፍ ሁለት ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። አገሩ በሙሉ የሚያውቃት በማዕድን ውሃዋና በለውዟ ነው። መኪናው ሲቆም በመስኮቱ በኩል በላስቲክ የተቋጠረ ለውዝ ገባ፤ ተማሪዎቼም ገዙ። በዚያ ቅጽበት አንድ ጥያቄ አነሣሁ፦ «የባቢሌ ለውዝ ከየት መጣ?» ሁሉም ሣቁ፤ ከባቢሌ ነዋ! ለውዝ ግን የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ በመርከብ ውቅያኖስ ያቋረጠ እህል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ አጥር ሆኖ የቆመው ባለ ፍሬ ቁልቋልም እንደዚሁ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። «የቆላው ተፈጥሮ» ብለን የምናደንቀው ገጽታ ግማሹ ስደተኛ ነው። ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ቢሆንም ከቀትር በኋላ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ቁም ነገር ሆኖ ጠበቀኝ።

፫. ቋጥኙ

ባቢሌን አልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ምድሩ ጠባዩን ይለውጣል። በመንገዱ ዳር፣ በኮረብታው ወገብ፣ በሸለቆው ወለል ላይ ቋጥኞች ይነሣሉ። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል፤ አንዱ በቀጭን አንገት ላይ እንደ እንጉዳይ ቆሟል። ከሁሉ የሚታወቀው ደግሞ ትልቅ አለት በእጅግ ጠባብ ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የተቀመጠው ነው፤ ነፋስ ቢነፍስ የሚወድቅ ይመስላል፤ አይወድቅም። ይህ ዳካታ ነው። ለውጭ ጎብኚዎች የተጻፉ መምሪያዎች «የድንቆች ሸለቆ» የሚል ስም ሰጥተውታል። የሐረር–ጅግጅጋ ተጓዥ ሁሉ እዚህ ለአሥር ደቂቃ ይቆማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይሄዳል።

አሠራሩ ምሥጢር የለውም። አለቱ ግራናይት ነው፤ ከምድር ውስጥ በጥልቀት ቀልጦ የረጋ፣ እጅግ ጥንታዊ ከሆነው የአገራችን መሠረተ አለት ወገን ነው። አለቱ ሲቀዘቅዝና በላዩ የነበረው ክብደት ሲነሣለት ቁልቁልና አግድም ይሰነጠቃል። ገና አፈር ሳለበት ውሃ በስንጥቁ ይገባና ማዕዘኑን ያሟሟዋል፤ አራት ማዕዘን የነበረው ድብልብል ይሆናል። ከዚያ ጎርፍ የሞተውን አፈር ጠርጎ ሲወስደው ያልሞተው እምብርት ብቻውን ይቀራል። እርጥበት የሚከማቸው ከግርጌው ስለሆነ አንገቱ ከራሱ ይልቅ ይቀጥናል። እንግዲህ ዳካታ የቆመው በተጨመረበት ሳይሆን በተወሰደበት ነገር ነው። ስሟ ከሐረር ጋር በሚያደናግረው በሐራሬ ከተማ አጠገብ፣ ኤፕወርዝ በሚባል ስፍራ፣ የዚህ ዓይነት አለቶች አሉ፤ ዚምባብዌ በገንዘብ ኖቷ ላይ አትማቸዋለች። የእኛዎቹ ገንዘብ ላይ አልወጡም፤ የወጡት በጎብኚ ስልክ ላይ ነው።

አሁን ኑዛዜዬን ልናገር። እኔ ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት ስመላለስበት ለተማሪዎቼ የምለው «እዚህ የጂኦሎጂ ባልደረቦቻችን ያስረዱ፤ ታሪክ እዚህ አልሆነም» ነበር። ተሳስቻለሁ። ስሕተቴን ያሳየኝ የጦርነት ታሪክ ነው።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ሐረር በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ በሚያዝያ መጨረሻም ከኦጋዴን በኩል በመጣው በግራዚያኒ ሠራዊት ተያዘች። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም.፣ ታሪኩ በዚሁ መንገድ ተመልሶ መጣ። ከኬንያ ተነሥቶ ሞቃዲሾን የያዘው የእንግሊዝ ጦር በጣሊያኖች ጥርጊያ ሽቅብ ገስግሶ ጅግጅጋ ገባ። ከፊቱ የማርዳ ማለፊያ፣ ከማርዳ ቀጥሎ የባቢሌ ጠባብ በር፣ ከባቢሌ ቀጥሎ የቢሲዲሞ ሸለቆ ነበሩ። ጣሊያኖች በሦስቱም መሸጉ። ማርዳን ያስለቀቁት በብዛት የናይጄሪያ ወታደሮች ናቸው። በባቢሌ አለቶች መካከልም ውጊያው ቀጠለ፤ በዚያው ወር ሐረር ተለቀቀች። አስቡት፤ ከኒጀር ወንዝ አገር የመጣ አፍሪካዊ ወታደር፣ ለራሱ ገዢ ንጉሥ እየተዋጋ፣ አፍሪካውያንን ከሌላ ገዢ ለማስለቀቅ በእነዚህ ቋጥኞች ሥር ደረቱን መሬት ላይ አስተኛ። ለእርሱ ይህ ቦታ የድንቆች ሸለቆ አልነበረም። እያንዳንዱ ድንጋይ ወይ መከታ ነበር፣ ወይ የተኳሽ መደበቂያ።

ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ገባች፤ ጦርነቱ እስከ ሐረር ደጅ ደረሰ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ተመለሰች፤ ያ ቀን የካራማራ ድል ቀን ተብሎ ይከበራል። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጦር በአንድ መንገድ። ከማንም ሠራዊት በፊት ምክንያቱን የሰጠው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ከኦጋዴን ሜዳ ወደ ሐረር ደጋ የሚወጣ ከባድ ተሽከርካሪ በዚህ ጉሮሮ ማለፍ አለበት። ሲራራ ነጋዴውም ሠራዊቱም ጎብኚውም የሚያልፉት እዚያው ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በዚያ በሚዛናዊው አለት ግርጌ ቆሜ ስናገር አንዱ ወደ ድንጋዩ ጎን ጠቆመ። በነጭ ቀለም የተጻፈ ስም ነበረ፤ ከሥሩ ዓመተ ምሕረት፣ ከጎኑ ልብ። ከዚያ በላይ ሌላ ስም፣ ከዚያ በታች ሌላ። እኔ ፊቴን አጨማደድሁ። ተማሪው ግን እንዲህ አለ፦ «መምህር፣ አርተር ራምቦ ሉክሶር ላይ ስሙን ሲቀርጽ ቅርስ ይባላል፤ የእኛ ሰው እዚህ ሲጽፍ ጥፋት የሚባለው ለምንድን ነው? ከመቶ ዓመት በኋላስ ይህ የታሪክ ምንጭ አይሆንም?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እውነት ነው፣ በግብፅ የሉክሶር ቤተ መቅደስ ላይ የራምቦ ስም ተቀርጾ ይታያል፤ እጁ የገጣሚው ስለመሆኑ ክርክር ቢኖርም ጎብኚ እየተመራ ያየዋል። ራምቦ ደግሞ የሐረር ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ በተለያየ ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነግዷል። ዛሬ «ራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ቤት እንኳ እርሱ ለመኖሩ ማስረጃ ያልተገኘለት ነው። ስለ ኦጋዴን የጻፈው፣ በ1884 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር የታተመው ዘገባም በዋናነት የተመሠረተው የሥራ ባልደረባው ባየው ላይ ነው። ታላቅ ስም ያልኖረበትን ቤት ቅርስ ሲያደርግ፣ ያልታወቀ ስም የደረሰበትን ድንጋይ ያበላሻል ብለን የምንፈርድ ከሆነ ፍርዳችን ስለ ስሙ ነው እንጂ ስለ ድንጋዩ አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚገባ መልስ አልነበረኝም። «ማታ እንነጋገርበታለን» አልሁት፤ መምህር ሲጨንቀው የሚለውን።

፬. ዝሆኑ

ከቀትር በኋላ ወደ ሐረር አቅጣጫ ተመልሰን በአንድ ስካውት መሪነት ወደ ኤረር ሸለቆ ወረድን። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ የተከለለው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ማለትም ጀጎልን ከ14,000 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ኤረር፣ ጎበሌ፣ ዳካታና ፋፈን የተባሉት ወንዞች በሸለቆዎቹ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳሉ። ዝሆኖቹ ከሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ዝሆኖች ተነጥለው የቀሩ መንጋ ናቸው፤ አንዳንድ ሊቃውንት የራሳቸው ንዑስ ዝርያ ናቸው ሲሉ ሌሎች ይጠራጠራሉ። መነጠላቸው ግን አያጠራጥርም። እዚህ ቢጠፉ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካቸው የለም።

ዝሆን አላየንም። ያየነው ፋንድያውን ነው። ስካውቱ በዱላ ገለጥ አድርጎ አሳየን፤ በበለስ ዘር የተሞላ ነበር። ያ ከሜክሲኮ የመጣው ቁልቋል! የኤረር ዝሆን የአሜሪካን ተክል ይመገባል፤ ዘሩንም በየሄደበት ይዘራል። ቁልቋሉ በበዛ ቁጥር ሳሩና ቁጥቋጦው ይጣበባል፤ የከብት ግጦሽም አብሮ ይጣበባል። ለገበሬ አጥር፣ ለልጅ ምሳ፣ ለዝሆን መኖ፣ ለግጦሽ ጠላት። ተማሪዎቼ ጠዋት በለውዙ የሣቁትን ሣቅ እዚህ አልሣቁትም።

ከፋንድያው ጥቂት ራቅ ብሎ የማሽላ ማሳ ነበረ፤ ከማሳው ጥግ ደግሞ በሌሊት ዝሆን የሚጠበቅበት የእንጨት ማማ። የማሳውን ባለቤት አነጋገርነው። ተማሪዎቹ ስለ ዝሆኑ ጠየቁት፤ እርሱ የመለሰው ስለ ዝናቡ ነው። ቤተሰቡ ከላይ ከደጋው የወረደው መሬቱ ስለጠበበ፣ ዝናቡም እንደ ድሮው ስላልሆነ ነበር። «ይህ መጠለያ መሆኑን ያወቅሁት ጎጆዬን ከቀለስሁ በኋላ ነው» አለን። ቁጣ አልነበረበትም። ዝሆኑንም አልረገመም፤ «እርሱም ውሃ ፍለጋ ነው የሚመጣው» አለ።

የታሪክ ሰው እዚህ ላይ የሚያስተውለው የሁለት ካርታዎችን መጋጨት ነው። አንደኛው በ1970 እ.ኤ.አ. በወረቀት የተሣለው ነው፤ በወንዞች ስም የተወሰነ፣ ሰው የሌለበት። ሁለተኛው በእግር የተሣለው ነው፤ በድርቅ፣ በጦርነት፣ በጋብቻ፣ በግጦሽ የሚንቀሳቀስ። የኤረር ሸለቆ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ለሐረር ገበያ የዝሆን ጥርስ ሲያቀርብ የኖረው የዚህና የኦጋዴን ምድር ነው። ጥርሱ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ ከአዳኙ ይልቅ ያተረፈው ነጋዴው ነበር። ዛሬ ደግሞ ዝሆኑ የዓለም ሀብት ነው ሲባል ዕዳውን የሚከፍለው ማማ ላይ የሚያድረው ሰው ነው። ትርፉ ወደ ሩቅ፣ ዕዳው ለቅርብ፤ ይህ አከፋፈል በመቶ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም።

አቋሜን አልደብቅም። ዝሆኑ መኖር አለበት እላለሁ። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አያኖረውም። በዚህ ምድር እንግዳን በሰላም ያሳለፈው አባን ነበር፤ ከክብሩም ከጥቅሙም የተቆራኘ የአገር ሰው። ዝሆኑ አዋጅ አለው፣ አባን የለውም።

፭. ጅቡ

ሲመሽ ወደ ጀጎል ተመለስን። ከቅጥሩ ውጭ ሰውዬው ቅርጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል፤ ይመጣሉ። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ፣ አንዳንዴም በጥርሱ ይዞ ያጎርሳቸዋል። መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ዙሪያውን ቆመዋል። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ሐረር ላይ ግን በሚያውቁት አገር ተነጠፈለት።

ለተመልካች የሚደረገው የማታ ትርኢት የቆየ የሚመስለውን ያህል የቆየ አይደለም፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የመጣ ልማድ ነው። ከበስተጀርባው ግን የቆየ ነገር አለ። በቅጥሩ ግርጌ «ወራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ፣ የሚባሉ ክፍተቶች አሉ፤ ጅቡ በሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ በልቶ ይወጣባቸዋል። በአሹራ ቀንም ለጅቦች በቅቤ የተለወሰ ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ፤ ጅቡ እንዴት እንደቀመሰው ታይቶ የመጪው ዓመት ነገር ይገመታል። ልብ በሉ፤ ሰውን ለመከልከል የተሠራው ቅጥር ለአውሬ ቀዳዳ ተወለት። ይህ ውል ነው። ጅቡ ከተማውን ያጸዳል፣ ከተማው ጅቡን ይታገሣል። ትርኢቱ የመጣው ከውሉ በኋላ ነው፤ ትርኢቱም የጸናው ውሉ ስላለ ነው።

የተማሪዬ መልስ የተገለጠልኝ በዚያ ጨለማ ነው። በዚያ ቀን አራት የተጠበቁ ነገሮችን አይተናል። ቅጥሩን ያቆየው ነዋሪው ነው። ጅቡን ያቆየው ውሉ ነው። ዝሆኑን ሊያቆይ የሚሞክረው አዋጁ ነው። ቋጥኙን ያቆየው ግን ማንም አይደለም፤ እስከ ዛሬ የቆመው ማንም ስላልፈለገው ነው። አሁን ግን ይፈለጋል፤ ድንጋዩ ለግንባታ፣ ገጹ ለስም። የማንም ያልሆነ ነገር አንድ ቀን የሁሉም ሲሆን የመጀመሪያው ዕጣው መበላት ነው።

ተማሪውን ጠርቼ እንዲህ አልሁት። «ልክ ነህ፤ በቀለም የተጻፈው ስም ምንጭ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ስለ እኛ አንድ ነገር ይረዳል፤ እዚህ መምጣታችንንና የምናነበው ነገር መኖሩን ሳናውቅ መሄዳችንን። ሰው ስሙን የሚጽፈው ባዶ በመሰለው ቦታ ላይ ነው። ወጣቱ ያንን ድንጋይ ባዶ ገጽ አድርጎ ያየው እኛ መምህራኑ ባዶ ነው ብለን ስላስተማርነው ነው። ጥፋቱን ስታካፍል የእኔን ድርሻ አትርሳ።» ተማሪው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ አንድ ሰው ይጻፈው» አለ። ይህ ንግግር ለዚያ ቃል የተሰጠ መልስ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ በመነሣት ለክፍላችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ የሐረር–ጅግጅጋ መንገድ ቃለ ታሪክ ሳይውል ሳያድር እንዲሰበሰብ ነው። የ1970ውን ጦርነት በዐዋቂነት ያዩት ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋል። የ1933ቱን ያዩት ከእንግዲህ የሉም፤ የሚገኘው ለልጆቻቸው የነገሩት ብቻ ነው። ሾፌሩን፣ ግመል ነጂውን፣ ለውዝ ሻጯን፣ ማማ ላይ የሚያድረውን ገበሬ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪኛና በአማርኛ የሚያነጋግሩ ተማሪዎች አሉን። ሁለተኛው፣ የምንሰበስበው ታሪክ መጀመሪያ የሚነበበው በባቢሌ ትምህርት ቤቶች እንዲሆን ነው። ለቋጥኙም ለዝሆኑም አባን የሚሆነው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ልጁ አደራ የሚቀበለው ደግሞ ነገሩ የእርሱ ታሪክ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

በመጪው ኅዳር ያንኑ ጉዞ እናደርጋለን። በዳካታ የምንቆመው ግን ለአሥር ደቂቃ አይሆንም።